ዐሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቍረጥ

ስለ ቶንሲል ኦፕራሲዮንና ስለ ሕክምና ምርምር በሬዲዮ የተሰጠ ማብራሪያ



ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቍረጡ በፊት ደጋግሞ ይለካል። አንዴ የተቈረጠ ጨርቅ እንደ ነበረ አይመለስምና «ዐሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቍረጥ» የሚለው ምክር ከልብስ ሰፊ አልፎ ለሁላችን የሚሠራ ሆኖ ይኖራል። ለጨርቅ ይህን ያህል ጥንቃቄ ካስፈለገ፣ ለሕፃን ልጅ ገላማ ምን ያህል ያስፈልግ ይሆን? ዛሬ የምንገልጽላችሁ ነገር ይህንኑ ጥያቄ የሚመለከት ነው። ይኸውም ከአንገት በላይ ያሉትን ሕመሞች የሚያክሙ ሐኪሞች፣ ቶንሲል የተባሉትን የጕሮሮ ዕጢዎች መቼ ማውጣት፣ መቼስ መተው እንደሚገባ በምን መንገድ እንደ ተማሩ ነው።

ነገሩ የሐኪሞች ብቻ ጕዳይ መስሎ እንዳይታያችሁ። ልጁ ሌሊት በትኵሳት ሲቃጠልና ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው ያየ ወላጅ ሁሉ፣ «ይህ ቶንሲል መቼ ነው የሚለቀው? ተቈርጦ ቢወጣስ አይሻልም ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ የታመነ መልስ ለማግኘት የሕክምና ሊቃውንት ብዙ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። መልሱም የተገኘው አዲስ ቢላዋ በመሥራት ሳይሆን በመቍጠር፣ በመመዝገብና በማነጻጸር ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አፋችንን ከፍተን በመስተዋት ብንመለከት፣ ከላንቃችን ጫፍ መካከል ላይ ተንጠልጥላ የምትታየው እንጥል ናት። ከእንጥሏ ግራና ቀኝ፣ በጕሮሮ መግቢያ ላይ ደግሞ ሁለት ዕጢዎች ይታያሉ፤ ቶንሲል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከአፍንጫ በስተጀርባ፣ ከላንቃ በላይ፣ በመስተዋት የማይታይ አዴኖይድ የሚባል ሌላ ዕጢም አለ። እነዚህ ዕጢዎች በር ላይ እንደ ቆመ ዘበኛ ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ከአየርና ከምግብ ጋር የሚገባውን ጀርም በቅድሚያ አግኝተው፣ ሰውነት ጠላቱን እንዲያውቅና እንዲከላከል ይረዱታል። በሕፃንነት ዕድሜ ይተልቃሉ፤ ልጁ እያደገ ሲሄድ ግን እየኰሰሱ ይሄዳሉ። ስለዚህ በአምስት ዓመት ልጅ ጕሮሮ ውስጥ ትልቅ ሆኖ የታየ ቶንሲል ሁሉ የታመመ ቶንሲል አይደለም።

የጕሮሮ ሕመምም ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። አብዛኛው ከቫይረስ የሚመጣና በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ የሚለቅ ነው። ጕሮሮው ከታመመ ልጆች መካከል ከመቶ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ብቻ ስትሬፕቶኮከስ በተባለው ባክቴሪያ የታመሙ ናቸው፤ ፔኒሲሊን የሚጠቅመውም ለእነዚህ ነው። በዐይን ብቻ አይቶ አንዱን ከሌላው መለየት ለሠለጠነ ሐኪም እንኳ አስቸጋሪ ነው።

ቶንሲልን ማውጣት የትናንት ሥራ አይደለም። በመጀመሪያው ምእተ ዓመት የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ፣ የታመመው ቶንሲል በጣት እየተላቀቀ እንዴት እንደሚወጣ ጽፏል። በ1868 ዓ.ም. ደግሞ በኮፐንሃገን ከተማ የነበረው ሐኪም ቪልሄልም ማየር፣ አዴኖይድ አፍንጫን እየደፈነ መስማትንም እንደሚያውክ ገለጸ። ማደንዘዣ ከተገኘና የኦፕራሲዮን መሣሪያ ንጽሕና ከተጠበቀ በኋላ ሥራው እየቀለለ ሄደ። በ20ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያም በቶንሲልና በጥርስ ውስጥ የተደበቀ ጀርም መርዙን ወደ መገጣጠሚያ፣ ወደ ኵላሊትና ወደ ሌላውም የሰውነት ክፍል እየላከ ብዙ በሽታ ያመጣል የሚል አሳብ ተስፋፋ። ከዚህም የተነሣ በአውሮፓና በአሜሪካ ቶንሲል ማስወጣት ለልጆች እንደ ተራ ነገር እስከ መቈጠር ደረሰ። ነገር ግን ኦፕራሲዮኑ የሕመም፣ የደም መፍሰስና የማደንዘዣ አደጋ ነበረበት፤ ሕይወታቸውን ያጡም ልጆች ነበሩ።

እንግዲህ ሐኪሞቹ የሚቈርጡት በምን ተመርተው ነበር? በዚህ ላይ ብርሃን የሰጠው በ1934 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕፃናት ጤና ማኅበር ያወጣው ጥናት ነው። አጥኚዎቹ በኒውዮርክ ከተማ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 1000 የ11 ዓመት ልጆችን መረመሩ። ከነዚህ 611 የሚሆኑት ቶንሲላቸው አስቀድሞ የወጣላቸው ሆነው ተገኙ። የቀሩት 389 ልጆች ለሐኪሞች ታዩና ሐኪሞቹ 174ቱ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋቸዋል አሉ። ኦፕራሲዮን አያስፈልጋቸውም የተባሉት 215 ልጆች፣ ቀድሞ የተባለውን ለማያውቁ ለሌሎች ሐኪሞች ታዩ፤ እነዚህም 99ኙ ቶንሲላቸው ይውጣ ብለው ፈረዱ። ሁለት ጊዜ ጤነኞች ናችሁ የተባሉት 116 ልጆች ለሦስተኛ ጊዜ ሲታዩ ደግሞ 51ዱ ኦፕራሲዮን ታዘዘላቸው። በመጨረሻ ከ1000 ልጆች ውስጥ ቶንሲሉ ያልወጣና እንዲወጣም ያልታዘዘ 65 ልጅ ብቻ ቀረ።

አንባቢ ሆይ፤ እነዚህን ቍጥሮች ቀስ ብለህ ተመልከታቸው። በየጊዜው ሐኪሞቹ ከቀረቡላቸው ልጆች ውስጥ ከመቶ 45 የሚሆኑትን መረጡ። የቀረቡት ልጆች ግን አንድ ዐይነት አልነበሩም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጊዜ የቀረቡት አስቀድመው ደኅና ናችሁ የተባሉት ነበሩ። ይህም የሚያሳየው ፍርዱ የመጣው ከልጁ ጕሮሮ ሳይሆን ከሐኪሙ ልማድ መሆኑን ነው። ሐኪሞቹ ክፉዎች ወይም ያልተማሩ አልነበሩም። ያጡት ነገር ቢኖር የታወቀ መለኪያ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ በ1938 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሐኪም አሊሰን ግሎቨር በለንደን ለንጉሣዊው የሕክምና ማኅበር ስለ ራሳቸው አገር ተመሳሳይ ነገር አቀረቡ። በእንግሊዝ አገር የቶንሲል ኦፕራሲዮን ብዛት ከአውራጃ አውራጃ እጅግ የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱን በአየር ጠባይ፣ በቤት መጣበብ ወይም በድኽነት ለማስረዳት አልተቻለም፤ እንዲያውም ኦፕራሲዮኑ የሚበዛው በባለጸጎች ልጆች ላይ ነበር። ሆርንሲ በተባለችው ወረዳ በ1928 ዓ.ም. 186 የትምህርት ቤት ልጆች ቶንሲላቸው ወጥቶላቸው ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ግን ቍጥሩ ወደ 12 ወረደ። የተለወጠው የልጆቹ ጕሮሮ አልነበረም፤ የተለወጠው የትምህርት ቤቶቹ ሐኪም ነበር። ቢላዋው ስለ ተወም የልጆቹ ጤና ሲጐዳ አልታየም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ኦፕራሲዮኑ የማይጠቅም ከሆነ፣ ያን ያህል ወላጅና ያን ያህል ሐኪም እንዴት «ልጁ ዳነ» ብሎ ሊመሰክር ቻለ? ምስክርነቱ ሐሰት አልነበረም። የጕሮሮ ሕመም ግን እንደ ማዕበል የሚነሣና የሚበርድ ነገር ነው። ወላጅ ልጁን ወደ ሐኪም ይዞ የሚሄደው ሕመሙ በበረታበት ወራት ነው። ከዚያ ወዲያ ልጁ ቢቈረጥም ባይቈረጥም ብዙ ጊዜ ይሻለዋል፤ ዕድሜው ሲጨምርም ሕመሙ እየራቀ ይሄዳል። ከተቈረጠ በኋላ የተሻለው እንደ ሆነ ምስጋናው ለቢላዋው ይሆናል። ሳይቈረጥ የተሻለውን ልጅ ግን ማንም አይቈጥረውም።

ከዚህ ስሕተት የሚያወጣው መንገድ አንድ ነው፤ ይኸውም በሁለት ወገን የተመደቡ ተመሳሳይ ልጆችን በአንድ ጊዜ መከታተል ነው። አንዱ ወገን ኦፕራሲዮን ይደረግለታል፤ ሌላው ወገን በመድኀኒት እየታከመ ይጠበቃል። ማን በየትኛው ወገን እንደሚገባ የሚወሰነው በሐኪሙ ፈቃድ ሳይሆን በዕጣ ነው። ሐኪሙ ቢመርጥ ኖሮ ጠንካሮቹን ለአንዱ፣ ደካሞቹን ለሌላው ሳያስበው ይመድብ ነበርና። ዕጣ ግን አያዳላም። በመጨረሻ የሁለቱ ወገኖች ቍጥር ይነጻጸራል። ዛሬ የሕክምና ምርምር ከሚመካባቸው ዘዴዎች ዋናው ይህ ነው።

ይህን ዘዴ በቶንሲል ጕዳይ በሥራ ካዋሉት አንዱ ጃክ ፓራዳይዝ የተባሉ፣ በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ የሠሩ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። እኒህ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በመጀመሪያ የመረመሩት የወላጅን ትዝታ ነበር። ጕሮሯቸውን ደጋግሞ እንደሚያማቸው የተነገረላቸውን፣ ነገር ግን የጽሑፍ ማስረጃ ያልነበራቸውን 65 ልጆች ተቀብለው በየጊዜው እየመረመሩ ተከታተሏቸው። በ1978 ዓ.ም. በወጣው ጽሑፋቸው እንደ ገለጹት፣ ከነዚህ ውስጥ ሕመሙ እንደ ተነገረው ሆኖ የተገኘው በ11 ልጆች ላይ ብቻ ነበር። ወላጆቹ ሐሰት ተናግረዋል ማለት አይደለም። የልጅ ሕመም ያስጨንቃል፤ ያስጨነቀ ነገርም በትዝታ ላይ ይበዛል።

ስለዚህ ለዋናው ጥናት ሕመማቸው በመዝገብ የተረጋገጠ ልጆች ብቻ እንዲገቡ ተወሰነ። መለኪያውም በአንድ ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ፣ ወይም በተከታታይ ሁለት ዓመት በየዓመቱ አምስት ጊዜ፣ ወይም በተከታታይ ሦስት ዓመት በየዓመቱ ሦስት ጊዜ መታመም ሆነ። የተመረጡት ልጆች 187 ነበሩ፤ 91ዱ በዕጣ፣ ወላጆቻቸው ዕጣውን ያልፈቀዱ 96 ልጆች ደግሞ በወላጆቻቸው ምርጫ ተመደቡ።

ውጤቱ በ1984 ዓ.ም. ታተመ። ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ካልተደረገላቸው ይልቅ ሕመሙ ቀንሶላቸው ተገኘ። እንግዲህ ኦፕራሲዮኑ በእውነት ለሚታመሙት ልጆች በእውነት ይጠቅማል ማለት ነው። በሌላው በኩል ግን ካልተቈረጡትም ልጆች ብዙዎቹ በየዓመቱ ከሦስት ጊዜ ያነሰ ብቻ ታመሙ፤ አብዛኛውም ቀላል ሕመም ነበር። ከተቈረጡት 95 ልጆች ውስጥ በ13ቱ ላይ ከኦፕራሲዮኑ የመጣ ችግር ደርሶ ነበር፤ ሁሉም ግን ታክሞ ወይም በራሱ የሚያልፍ ሆነ። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ሕመማቸው ከመለኪያው በታች ስለ ሆነ ልጆች ሌላ ጥናት አወጡ። በእነዚህ ልጆች የተገኘው ጥቅም ትንሽ ስለ ነበረ፣ የኦፕራሲዮኑን ሕመም፣ አደጋና ወጪ የሚያካክስ ሆኖ አልተገኘም። የአሜሪካ ከአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ዓ.ም. ባሳደሰው መመሪያው፣ የሕመሙ ብዛት ከዚህ መለኪያ በታች ለሆነ ልጅ ነቅቶ መጠበቅን ይመክራል።

ይህን ሰምታችሁ ምርምር የቢላዋ ጠላት ነው እንዳትሉ። ቶንሲልና አዴኖይድ አንዳንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ተልቀው፣ ልጁ ሲተኛ የአየሩን መንገድ ይዘጉበታል። እንዲህ ያለው ልጅ አጥብቆ ያንኰራፋል፤ ትንፋሹ እየተቋረጠ ይባንናል፤ ቀን ላይ ይደክመዋል ወይም ይቅበጠበጣል። በ2013 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 9 ዓመት የሆነ እንዲህ ያለ ችግር ያለባቸውን 464 ልጆች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ። ከሰባት ወር በኋላ የእንቅልፍ ትንፋሻቸው የተስተካከለላቸው፣ ከተቈረጡት ከመቶ 79፣ ከተጠበቁት ከመቶ 46 ነበሩ። የተቈረጡት በጠባያቸውና በኑሯቸውም ተሻሽለው ተገኙ። አሳብን በአንድ ነገር ላይ የማዋል ችሎታ በፈተና ሲለካ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እንዲህ ያለው ምርምር የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው እየለየ ያስቀምጣል።

ስለ ዐዋቂዎችም ቢሆን ጥያቄው ሳይመለስ አልቀረም። በ2023 ዓ.ም. በብሪታንያ የወጣ ጥናት ቶንሲል ደጋግሞ የሚያማቸውን 453 ዐዋቂዎች በዕጣ መድቦ ለ24 ወራት ተከታተለ። መካከለኛው ሰው ጕሮሮው የታመመበት ቀን፣ ቶሎ ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው ወገን 23፣ ሳይቈረጡ ከታከሙት ወገን 30 ሆነ። ጥቅም አለ ማለት ነው፤ ዋጋም አለው። ቶሎ ይቈረጡ ዘንድ ከተመደቡት ከመቶ 19 የሚሆኑት ደም መፍሰስ ገጥሟቸዋል። ታማሚው እነዚህን ቍጥሮች በሚዛን አስቀምጦ ከሐኪሙ ጋር ሊመክርባቸው ይችላል።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። በእኛ ዘንድ የሕፃናትን እንጥል በባህል ማስቈረጥ ከቀድሞ ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው። ሕፃኑ ሲያስለው፣ ጡት አልጠባ ሲል ወይም ሲያስመልሰው «እንጥሉ ወርዷል» ይባልና በአካባቢው ያለ ቈራጭ ይጠራል። እንጥል ግን ቶንሲል አይደለችም፤ ስትቈረጥም ሳል ወይም ትኵሳት አይድንም። በንጹሕ ባልሆነ ምላጭ ወይም ማጭድ መቍረጥ ደም ያፈስሳል፤ ቍስሉን ያመረቅዛል፤ መንጋጋ ቈልፍና ከደም ጋር የሚተላለፉ በሽታዎች እንዲገቡ በር ይከፍታል። ስለዚህም የጤና ባለ ሥልጣኖች ከጐጂ ልማዶች ቈጥረውታል።

ይሁን እንጂ በአገር ቤት ቈራጭ ላይ ከመሳቃችን በፊት የኒውዮርኩን ታሪክ እናስታውስ። ዲፕሎማ የያዙት ሐኪሞችና የመንደሩ ቈራጭ የተታለሉት በአንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም ከቈረጡ በኋላ ልጁ ሲሻለው አይተዋል። ልዩነቱ የመጣው ሐኪሞቹ ሥራቸውን ለቍጥር አሳልፈው ስለ ሰጡና ቍጥሩ የፈረደባቸውን ስለ ተቀበሉ ነው። ዕውቀት የሚባለው ማዕርግ ወይም ነጭ ካፖርት አይደለም፤ ዕውቀት ራስን ለመመርመር ፈቃደኛ መሆን ነው።

ቢላዋን መፍራት ደግሞ ሕመምን ወደ መናቅ እንዳያደርሰን መጠንቀቅ ይገባል። በስትሬፕቶኮከስ የመጣ የጕሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ የሩማቲክ ትኵሳትን ያስከትላል። ይህም በሽታ መገጣጠሚያን አሳብጦ ይተዋል፤ ልብን ግን ይዞ ይቀራል። ደሙን እየከፈቱና እየዘጉ የሚያሳልፉትን የልብ ቫልቮች ያበላሻል። በአገራችን ብዙ ወጣቶች በዚህ የልብ በሽታ ይሠቃያሉ። መከላከያው ውድ አይደለም፤ በሐኪም ትእዛዝ በጊዜው የተወሰደ ፔኒሲሊን ነው። የሚዋጠው ሲታዘዝ ልማዱ ለ10 ቀን ነው፤ ትኵሳቱ በሦስተኛው ቀን በረደ ብሎ ማቋረጥ አይገባም። ሐኪሙ ቫይረስ ነው፣ መድኀኒት አያስፈልግም ሲል ደግሞ ከመድኀኒት ቤት በራስ ፈቃድ ገዝቶ መስጠት ጥቅም የለውም።

የተከበራችሁ የመንግሥት ሠራተኞች! እናንተ በየመሥሪያ ቤታችሁ አንዲት ደብዳቤ እንኳ ያለ ቀንና ያለ ቍጥር አታሳልፉም፤ ያልተመዘገበ ገቢ እንዳልገባ ይቈጠራልና። ይህን መልካም ልማድ ወደ ቤታችሁ እንድትወስዱት እንመክራለን። ለልጃችሁ አንዲት ትንሽ ደብተር ግዙለት። ጕሮሮው በታመመ ቍጥር ቀኑን፣ በቴርሞሜትር የተለካውን ሙቀት፣ አንገቱ ላይ ንፍፊት ወጥቶ እንደ ሆነ፣ ቶንሲሉ ላይ መግል ታይቶ እንደ ሆነ፣ ሐኪሙ ያደረገውን ምርመራና ያዘዘውን መድኀኒት፣ ከትምህርት ቤት የቀረበትንም ቀን ጻፉ። ከዓመት በኋላ ሐኪሙ «ስንት ጊዜ ታመመ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ «ሁልጊዜ ነው» በማለት ፈንታ ደብተሩን ታቀርባላችሁ። ያ ደብተር ልጃችሁን ከማያስፈልግ ቢላዋ ያድነው ይሆናል፤ ወይም የሚያስፈልገውን ኦፕራሲዮን ሳይዘገይ ያስገኝለት ይሆናል።

ኦፕራሲዮን ሲታዘዝም ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሚቈረጠው በምን ምክንያት ነው? ባይቈረጥና ቢጠበቅ ምን ይሆናል? ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ምን አደጋ እንጠብቅ? ሐኪምን መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም ጥያቄውን በደስታ ይቀበላል። ከኦፕራሲዮን በኋላ በመጀመሪያው ቀን፣ ወይም ቍስሉ ሲፈርስ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ከጕሮሮ ደም ቢፈስ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል። እንዲሁም መቼም ቢሆን ልጁ መተንፈስ ካቃተው፣ ምራቁን መዋጥ ተስኖት ካዝረበረበ፣ ወይም አፉን መክፈት ካልቻለ፣ መዝገብና ቍጥር ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ለሐኪም ይታይ።

በኒውዮርክ ከሦስት ጊዜ ምርመራ በኋላ ያልተቈረጡና እንዲቈረጡም ያልታዘዘላቸው 65 ልጆች ብቻ እንደ ነበሩ አይተናል። ዛሬ ሐኪሞች ከመቍረጣቸው በፊት ይለካሉ። መለኪያውን ግን ብቻቸውን ሊይዙት አይችሉም፤ አንደኛው ጫፍ ያለው በወላጅ እጅ ነው።